ኤም ቢ ኤውን አሁን ልጀምር ወይስ ልቆይ? ጎንደር ያላችሁ ምከሩኝ

የአዘዞ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ የሰው ጥያቄና መልስ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ አሁን ግን የራሴ ጉዳይ እንቅልፍ ስለነሳኝ ልጻፍ ብያለሁ።

26 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ እዚሁ ጎንደር በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ስሠራ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያለሁት መስኮት ላይ ነው፤ ብር እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ማታ ሒሳብ ስናስታርቅ አንድ መቶ ብር ከጎደለች ሁላችንም አንወጣም። ሥራውን አልጠላሁትም። ግን አብረውኝ ከተቀጠሩት ልጆች ሦስቱ ኤም ቢ ኤ (የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ) ጀምረዋል። ቅዳሜና እሑድ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ይውላሉ፤ ሰኞ ጠዋት ስለ አሳይመንትና ስለ ፕረዘንቴሽን ሲያወሩ ወደ ኋላ የቀረሁ ይመስለኛል።

አባቴ ቅዳሜ ገበያ እህል ይነግዳል። "ጉልበት ሳለሽ ጨርሺው፣ ክፍያው በእኔ" ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ በበኩሉ "ምን ልታደርጊበት እንደሆነ ሳታውቂ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድሽን አትስጪ" ባይ ነው። እናቴ አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ የምታስበው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የጎረቤት ልጅ በተዳረች ቁጥር ዞር ብላ ታየኛለች።

የመግቢያ ፈተናው ምዝገባ ሲከፈት ልመዝገብ ወይስ ልቆይ? ብቆይስ ምን እየሠራሁ ነው የምቆየው? የተማራችሁም፣ ሳትማሩ የነገዳችሁም፣ እንደ እኔ ያመነታችሁም ጻፉልኝ።

ማራኪ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

እህቴ፣ ተመዝገቢ። እኔ በ24 ዓመቴ ጀምሬ በ26 ጨረስኩ፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም። ያን ጊዜ የምከፍለው የቤት ኪራይ እንጂ የልጅ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም ገና ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር፤ ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው የተዘጋጀሁት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። አሁን ያንን ፈተና ልቀመጥ ብባል ከዜሮ ነው የምጀምረው።

ደግሞ የቅጥር ማስታወቂያ ስታነቢ ልብ በይ። ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ማስተርስ ላለው የሚጠየቀው የልምድ ዓመት ብዙ ጊዜ ዲግሪ ብቻ ካለው ያንሳል። ሌላው ዕድሜውን ሲቆጥር አንቺ ቀድመሽ ትገቢያለሽ። የወንድምሽ ምክር ጥሩ ነው፣ ግን "ምን እንደምፈልግ ልወቅ" ሲሉ አርባ ዓመት የሞላቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ሒሳብ ሠሪው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:55

እኔ ደግሞ ቀድሞ የገባው ሌላኛው ሰው ነኝ። የደረሰብኝን ልንገርሽና አንቺ መዝኚው።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በጨረስኩ በመስከረም ነው ማስተርስ የገባሁት። ሥራ አልነበረኝም፤ ሥራ ፍለጋ ከመንከራተት መማር ይሻላል ብዬ ነው። ክፍላችን ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሰው ነበር፣ 14 ክፍል ያለው ፔንሲዮን ያስተዳድራል። አንድ ቅዳሜ መምህራችን ስለ ቋሚና ተለዋዋጭ ወጪ አስተማረን። የቤት ኪራይ፣ የጥበቃ ደመወዝ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ይከፈላል፤ ሳሙናው፣ የአንሶላ እጥበቱ፣ ቁርሱ ግን እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ነው። እኔ ቀመሩን ጻፍኩ። ሰውዬው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዝም አለ።

በእረፍት ሰዓት ቡና ልንጠጣ ስንወጣ እንዲህ አለኝ። "በጥምቀት አልጋ አጥቼ ሰው እመልሳለሁ። በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ሲዘንብ አሥሩ ክፍል ባዶ ያድራል። ባለፈው ክረምት አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ስምንት ክፍል ለአንድ ወር በግማሽ ዋጋ ጠይቆኝ ክብሬ ተነካ ብዬ መለስኩት። ለካ ኪራዩን እንደሁ ከፍዬዋለሁ። ከአንሶላውና ከቁርሱ በላይ የሚገባው ብር ሁሉ የእኔ ነበር።" ያን ዕለት ማታ ቤቱ ገብቶ የእያንዳንዱን ወር የክፍል ዋጋ እንደ አዲስ ሠራ። ቀጣዩን ክረምት ያለፈው በተከራዩ ክፍሎች ነው።

በዚያ ኮርስ ኤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ቢ አገኘ። የተማረው ግን እሱ ነው።

እኔ ከአምስት ዓመት በኋላ የባንክ ብድር ክፍል ስገባ ነው ነገሩ የመጣብኝ። አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ደንበኛ ከፊቴ ተቀምጦ "ትርፌ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለምንድን ነው እጄ ላይ ብር የማይገኘው?" ሲለኝ መልሱን እንደተማርኩት አውቃለሁ፤ ምን እንደነበር ግን ጠፋኝ። ቤቴ ሄጄ ካርቶን ውስጥ የነበረውን የድሮ ሀንድአውት አወጣሁ። ያን ሌሊት ሳነበው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ ማለት እችላለሁ።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ዕድሜ አይደለም። ሥራሽ መልሱን የማታውቂው ጥያቄ ሰጥቶሻል ወይ? ከሰጠሽ ግቢ፣ 26ም ይሁን 46። ካልሰጠሽ መጀመሪያ ጥያቄ የሚሰጥ ወንበር ላይ ተቀመጪ።

የአዘዞ ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

አመሰግናለሁ። ሒሳብ ሠሪው የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር መስኮት ላይ ሆኜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመጣብኝም። የሚመጣብኝ ጥያቄ "ሲስተሙ ለምን ቆመ" ነው። ግን ወደ ብድር ክፍል ለመዛወር ራሱ ማስተርስ ያለው ይመረጣል ቢሉኝስ? ክብ ውስጥ የምዞር መሰለኝ።

ቅዳሜ ገበያ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ልጄ፣ እኔ አባትሽን ላውቀው እችላለሁ፣ ላላውቀውም እችላለሁ፤ ገበያው ሰፊ ነው። እንደ አባት ግን ልናገር።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው። በእኛ ልጅነት ጎንደር የሐኪም አገር ነበር፤ ንግድ በትምህርት ቤት ልማር ያለ ሰው ስንቁን ይዞ አዲስ አበባ ይወርዳል። እኔ አልሄድኩም። በ41 ዓመቴ በኤክስቴንሽን ዲግሪ ጀመርኩ፣ በ47 ኤም ቢ ኤ ገባሁ። ክፍል ውስጥ ሁሉም ጋሼ ይሉኝ ነበር። ኤክሴል ያስተማረችኝ የ15 ዓመት ልጄ ናት፤ ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍታ "አባዬ፣ እኩል ይሆናል ምልክቱን አስቀድም" እያለች። ስለዚህ ዘግይቶ መግባትም ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ። ዓይን ይደክማል፣ እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ቅዳሜ ደግሞ ለነጋዴ የገበያ ቀን ነው።

ነገሩን በእቁብ ልንገርሽ። በወጣትነቴ 30 ሰው ያለበት የሳምንት እቁብ ገባሁና በሁለተኛው ሳምንት እጣው ወጣልኝ። ሁሉም ዕድለኛ ነህ አለኝ። ምን እንደምሠራበት አላሰብኩም ነበር። ቴሌቪዥን ገዛሁ፣ ድግስ ደገስኩ፣ የቀረው በእጄ ላይ አለቀ። ከዚያ 28 ሳምንት እጄ ላይ ለሌለ ገንዘብ ከፈልኩ። በሚቀጥለው ዙር ሽንኩርት የሚወርድበትን ሳምንት ጠብቄ፣ ለዳኛው ነግሬ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር እጣ ተለዋወጥኩ። ገንዘቡ ያው ነው፤ ያ ግን ሱቅ ሆነኝ።

አባትሽ "ክፍያው በእኔ" ማለቱ ፍቅር ነው፣ አክብሪው። ግን ጠይቂው፤ "አባዬ፣ ይህ ብር ዘንድሮ ነው የሚሰጠኝ ወይስ ስፈልገው?" በዪው። እኔ ብሆን ስትፈልጊው እሰጥሻለሁ።

ከባሕር ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:15

የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አሁን ውጭ አገር ነው የምኖረው። ወደ ውጭ ወጥተሽ የመማር ሐሳብ ካለሽ ጊዜው በሌላ መንገድ ነው የሚሰላው።

ኤም ቢ ኤ የሚባለው ዲግሪ በሐርቫርድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ጀምሮ የታሰበው ሥራ ለሚመራ ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ። የኤም ቢ ኤ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ኤ ኤም ቢ ኤ የተባለው ማኅበር እውቅና የሚሰጠው ተማሪዎቹ ቢያንስ የ3 ዓመት ልምድ ሲኖራቸው ነው። ሐርቫርድ ራሱ ገና ተማሪ ሳሉ የሚቀበልበት "ቱ ፕላስ ቱ" የሚባል መንገድ አለው፤ የተቀበለውን ልጅ ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥራ ሠርተህ ና ብሎ ይሰደዋል። ልምድ ለሌለው የሚሆነው ማስተርስ ኢን ማኔጅመንት የተባለው ሌላ ዲግሪ ነው።

ውጭ አገር ኤም ቢ ኤ ለማመልከት የሚወሰደውን ጂማት የተባለ ፈተና ብትፈተኚ ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። "ቀድሜ ልፈተን፣ በኋላ አመለክታለሁ" ማለት ይቻላል ማለት ነው። ይህ ለአንቺ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ይመስለኛል፤ አእምሮሽ ትኩስ ሳለ ፈተናውን አሳልፈሽ፣ ትምህርቱን ሲበስል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤት ሆነሽ በኢንተርኔት ለመማር ካሰብሽ መስመር በሚቋረጥበት ጊዜ ምን እንደሚያደርጉልሽ ከመክፈልሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ። የአጎቴ ልጅ እዚያው ጎንደር ሆኖ ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ሁለት ኮርስ አምልጦታል፤ ገንዘቡም አልተመለሰለትም።

ማራኪ ሰፈር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ፣ የእቁቡ ነገር ገብቶኛል፣ ልክ ነዎት። ግን አንድ ነገር ልጨምር። እቁብ ዳኛ አለው፣ ቀን አለው፤ እጣዎን ቢያዘገዩም እንደሚደርስዎ እርግጠኛ ነዎት። ትምህርት ዳኛ የለውም። "ስፈልገው" የተባለ ነገር ቀን ካልተቆረጠለት ይጠፋል። እሷ ትቆይ ካላችሁ እስከ መቼ እንደሆነ ንገሯት።

ቅዳሜ ገበያ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:05

እውነትህን ነው ልጄ። ቀን ይቆረጥ።

የሁለት ልጆች እናት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:30

ልጆቹን አስተኝቼ ነው የምጽፈው። ስለ እናትሽ ዓይን የጻፍሽው ነካኝ።

እኔ ኤም ቢ ኤ የጀመርኩት ባገባሁ በዓመቱ ነው፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ወለድኩ። እሑድ እሑድ እናቴ ሕፃኑን አቅፋ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። በየሁለት ሰዓቱ እወጣለሁ፣ አጠባለሁ፣ እመለሳለሁ። ዝናብ የመጣ ቀን ዘበኛው የራሱን ወንበር ከደጁ ቤት ውስጥ አስገብቶ ሰጣት፤ እግዜር ይስጠው፣ መቼም አልረሳውም። ፋይናንስ ስፈተን ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴ ረጥቦ ነበር። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ይህን የምልሽ ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። ከጋብቻ በፊት ካልጨረስኩ አይሆንም ብለሽ በፍርሃት እንዳትገቢ ነው። ትዳር በሩን አይዘጋውም፤ የሚዘጋው አጋዥ ማጣት ነው። እናትሽ ከጎንሽ ካለች፣ የሚያገባሽም ሰው እሑድ ልጅ ልይዝ ካለ፣ ይቻላል። ይህን ከሠርጉ በፊት ጠይቂው።

ክፍሉ አይደለም የሚከብደው፣ መመረቂያ ጽሑፉ ነው። ሁለት ዓመት ያልኩት ሦስት ዓመት ተኩል የሆነብኝ በእሱ ነው። 150 መጠይቅ በትኜ የተመለሰልኝ 90 ነበር፤ ርዕሱንም የመረጥኩት ከጓደኛዬ ጽሑፍ ላይ የባንኩን ስም ለውጬ ነው፣ ስለዚህ መልሱ ምን ቢሆን ግድ አልሰጠኝም። ግድ በማይሰጥ ርዕስ ሌሊት መንቃት እንዴት እንደሚያደክም አትጠይቂኝ። ከእኔ ጋር የነበረች አንዲት ልጅ የእናቷን የዳንቴል ንግድ ነው ያጠናችው፤ በአምስት ወር ጨረሰች።

ሌላው ውሉ ነው። እኔን ያስተማረኝ የዚያን ጊዜው መሥሪያ ቤቴ ነው። ደስ ብሎኝ ሳላነብ ፈረምኩ። ከተመረቅሁ በኋላ በእጥፍ ደመወዝ ሌላ ቦታ ስጠራ ለተማርኩበት ጊዜ እጥፍ ማገልገል ወይም ሙሉውን ወጪ ከነቅጣቱ መመለስ እንዳለብኝ ከውሉ ላይ አነበቡልኝ። ቀረሁ። የአንቺ ባንክ ልክፈልልሽ ቢል ወረቀቱን ቤት ወስደሽ ለወንድምሽ አስነብቢው።

ከደባርቅ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:00

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ለውድድር ስትቀርብ የትምህርት ደረጃህ ነጥብ ይያዝበታል፣ ጥያቄ ኖረህ አልኖረህ ማንም አይጠይቅህም። ስለዚህ በመንግሥት ቤት ያላችሁ የዚህን ክር ምክር እንዳለ አትውሰዱት። እኔ ቀድሜ በመማሬ ተጠቅሜአለሁ። ደባርቅ ሆኖ በየሳምንቱ ጎንደር መመላለስ ግን፣ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን በተለይ፣ ከባድ ነው፤ ርቃችሁ ያላችሁ የክረምት ፕሮግራም ካለ እሱን ጠይቁ።

ሒሳብ ሠሪው | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:40

የአዘዞ ልጅ፣ ስለ ክቡ ጥያቄሽ አስቤበት ነው የተመለስኩት።

ከመስኮት ወደ ብድር ለመሄድ ማስተርስ ሊያግዝ ይችላል፤ ግን እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ የተዛወሩት ፈልገው ስለጠየቁ ነው። ሥራ አስኪያጅሽን "በዓመት መዝጊያ የብድር ፋይል ሲበዛ ላግዝ" በዪው። እዚያ ክፍል ሁልጊዜ ሰው ያንሳል። የመያዣ ቤት ግምት ይዘሽ ስትሄጂ፣ የነጋዴ መጋዘን ስትቆጥሪ፣ ሰኔ ላይ ክፍያ ያቃተው ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲያስረዳሽ፣ ጥያቄው ራሱ ይመጣል።

ጊዜውንም እይው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። በታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች አገር ውስጥ እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። እኔ ስማር የውጭ ምንዛሪ ስጋትና የአክሲዮን ዋጋ ትመና የሌላ አገር ምዕራፍ መስለውኝ አልፌአቸዋለሁ። አሁን መለዋወጫ የሚያስመጣ ደንበኛ ኤል ሲ (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲከፍትና ዕቃው ወደብ ሲደርስ ምንዛሪው ስንት እንደሚሆን ነው የሚጠይቀኝ። እነዚህን ሁለት ዓመት በሥራ ላይ ካየሽ በኋላ ክፍል ብትገቢ መምህሩን የምትጠይቂው ነገር ይኖርሻል።

ማራኪ ሰፈር ያለው ቀን ግን ይቆረጥ። ሁለት ዓመት፣ ከዚያ አይለፍ።

የአዘዞ ልጅ | የሚቀጥለው ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ከሥራ መልስ አባቴ መጋዘን ሄድኩ። ጋሼ እንዳሉኝ "አባዬ፣ ብሩን ዘንድሮ ነው ወይስ ስፈልገው?" አልኩት። ሳቀና "ብሩ ያንቺ ነው፣ ቀኑን አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጠን የአምናውን የደንቢያ ሽምብራ በደብተር አሠራሁት። ቁጥሩን ለጽሑፉ እንዲቀል አጠጋግቼዋለሁ።

በየካቲት 100 ኩንታል በ8,000 ብር ገዛ፤ 800,000 ብር። በነሐሴ በ9,200 ሸጠ። ሁለት ኩንታል ነቀዝ ስለበላው የሸጠው 98 ነው፤ 901,600 ብር ገባ። ለመጋዘን፣ ለጆንያና ለጫኝ አውራጅ 30,000 ወጣ። የቀረለት ትርፍ 71,600 ብር። አባቴ ደስ አለው፣ ጥሩ ክረምት ነበር ብሎ ነው የሚያስታውሰው። እኔ ግን እጄ ስለለመደ ሌላ መስመር ጻፍኩ። ያንን 800,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበድሮት ቢሆን የስድስት ወሩ ወለድ 72,000 ነው። አራት መቶ ብር ከስሯል።

አባቴ ደብተሩን ወስዶ ብዙ አየው። "እኔ ግን አልተበደርኩም፤ የራሴ ብር ነው። የራሴ ብር ወለድ አለው እንዴ?" አለኝ።

አለው ብዬ አስባለሁ። ስንት እንደሆነ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደሚቆጠር ግን ላስረዳው አልቻልኩም። በየወሩ ብሩን ቢያገላብጠው ይሻለው ነበር ወይ ሲለኝም ዝም አልኩ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ አባቴ ፊት ዝም ማለቴ ልቤን ነካው፤ ግን ምን ልማር እንደምሄድ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዘንድሮ አልመዘገብም። ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጄን ብድር ክፍል ላግዝ ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን ብሎኛል። የመግቢያ ፈተናውን ለከርሞው፣ ክፍሉን ለዚያ ተከታይ መስከረም ቀን ቆርጫለሁ። ማራኪ ሰፈር፣ ካለፈ አስታውሰኝ። ለእናቴም ነግሬአታለሁ። እሑድ ልጅ ትይዥልኛለሽ ወይ ስላት "መጀመሪያ ልጁን አሳዪኝ" አለችኝ።

ሒሳብ ሠሪው፣ ያ ካርቶን ውስጥ ያለው ሀንድአውት አሁንም አለህ?

ሒሳብ ሠሪው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

አለ። ገጽ 40 አካባቢ ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል፣ በእጄ ጽፌ ሞልቼዋለሁ። የአባትሽን ጥያቄ የሚመልሰው ምዕራፍ ስድስት ነው። ፒያሳ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አስቀምጥልሻለሁ፣ የትኛው እንደሆነ በውስጥ መልእክት እጽፍልሻለሁ።

ቅዳሜ ገበያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ለእኔም አንድ ኮፒ አስወጣልኝ ልጄ። የእኔም ሽምብራ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው።